ከሳሞአ እስከ ወላይታ፦ የትናንሽ ደሴቶች ማሳ የእኛም ጉዳይ ነው

ጎደሬ የሚያበቅል፣ ጎደሬ የሚበላ፣ ስለ ጎደሬ የሚመራመር ኢትዮጵያዊ ሁሉ በሳሞአ የደረሰውን ሊያውቅ ይገባል። ሳሞአ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል የምትገኝ፣ 200 ሺህ ገደማ ሕዝብ የሚኖርባት፣ የቆዳ ስፋቷ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ የደሴቶች አገር ናት። ከእኛ እጅግ የራቀች ብትሆንም ጓሮዋ ለወላይታ፣ ለከምባታ ወይም ለከፋ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ሰፊ ቅጠሉን የዘረጋ ጎደሬ፣ ሙዝ፣ ቦዬ፣ ከበላያቸው ደግሞ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ አለ። በዚያ ጓሮ ላይ የደረሰው ጥፋትና ከጥፋቱ በኋላ የተሠራው ሥራ፣ ዓለም ትናንሽ ደሴቶችን እንዴት ቢያግዝ እንደሚበጅ ከማንኛውም የስብሰባ ሰነድ በላይ አስተምሮኛል።

ያደግሁት ወላይታ ነው፤ የሥራ ዘመኔንም ያሳለፍኩት በሥራ ሥር ሰብሎች ላይ ነው። በእናቴ ጓሮ እንሰቱ ከቤቱ ኋላ፣ ቡናው ከጥላው ሥር፣ ጎደሬው ደግሞ እርጥበት በሚይዘው ዝቅ ያለ መሬት ላይ ነበር። በቆሎው ሳይደርስ፣ ጎተራው ባዶ በሚሆንበት ወቅት ምድጃው ላይ የሚጣደው ጎደሬ ነበር። የትኛው ዓይነት ቶሎ እንደሚበስል፣ የትኛው በደንብ ካልተቀቀለ ጉሮሮ እንደሚያሳክክ፣ የትኛው ሳይበላሽ መሬት ውስጥ እንደሚቆይ እናቴ ለይታ ታውቃለች፤ ሁሉንም በየስማቸው ትጠራቸዋለች። ጎረቤት ችግኝ ሲጠይቃትም ለመሬቱ የሚስማማውን መርጣ ትሰጣለች። የሳሞአን ታሪክ በሙያዬ ምክንያት ሳነብ ወዲያው የታሰበኝ ይህ የእናቴ ዕውቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የጎደሬ ቅጠል ምች ሳሞአ ገባ። በሽታውን የሚያመጣው ፋይቶፍቶራ ኮሎካሲዬ የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ ነው፤ ድንችን ከሚያጠቃው ምች ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። በዝናብ ነጠብጣብ ከቅጠል ወደ ቅጠል ይዘላል፣ ከችግኝ ጋር ተጉዞ ከማሳ ወደ ማሳ ይሻገራል፣ ሞቃትና እርጥብ ሌሊት ሲያገኝ ይፈጥናል። መጀመሪያ ውኃ የነካው የሚመስል ትንሽ ነቁጥ ይታያል፤ በቀናት ውስጥ ቅጠሉ በሙሉ ቡናማ ሆኖ ይወድቃል። ቅጠሉን ያጣ ጎደሬ ደግሞ ከመሬት በታች የሚያከማቸው ምግብ የለውም።

በሽታው በሌሎች የፓስፊክ ደሴቶችም ነበረ። ሳሞአን ያንበረከካት ግን ማሳዎቿ በአንድ ዝርያ መሸፈናቸው ነው። “ታሮ ኒዌ” የሚባለው ዝርያ ለኒውዚላንድ፣ ለአውስትራሊያና ለሌሎችም ገበያዎች የሚፈለግ፣ ጣዕሙም የተወደደ ስለነበር ገበሬው እየመረጠ እርሱኑ ተከለ። ጎደሬ በዘር ሳይሆን ከእናት ተክሉ በሚቆረጥ ችግኝ ስለሚራባ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ማሳዎች ላይ የቆመው ተክል በተፈጥሮው አንድና ያው ነበር። አንዱን የገደለ በሽታ ሁሉንም ገደለ። ጎደሬ ከአገሪቱ የወጪ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ ያስገባ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ኤክስፖርቱ ከሞላ ጎደል ቆመ። ኬሚካል ተረጨ፣ ችግኝ ከቦታ ቦታ እንዳይዘዋወር ተከለከለ፤ ምቹ ግን አልቆመም። ሕዝቡ ወደ ሙዝ፣ ወደ ዳቦ ፍሬ ዛፍና ወደ ሌሎች ሥራ ሥሮች ዞረ። በእነዚያ ሰብሎች ጓሮውን ያልሞላ ቤተሰብ ከውጭ የመጣ ሩዝና ዱቄት ገዝቶ በላ።

ይህ ሁሉ የሆነው ኦፋና ቫል የተባሉት ሁለት ከባድ አውሎ ነፋሶች በ1990 እና በ1991 አገሪቱን ከመቱ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። ገበሬው ከነፋሱ ገና ሳያገግም ምቹ መጣበት። ትልቅ አገር አንዱ አውራጃ ሲጎዳ ከሌላው አውራጃ ያመጣል። ትንሽ ደሴት ግን ሌላ አውራጃ የላትም። እርሻዋና ደኗ በአንድ ነፋስ፣ በአንድ በሽታ፣ በአንድ የገበያ ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ሊመቱ ይችላሉ። ስለዚህ የደሴት እርሻ ዘላቂ እንዲሆን ከተፈለገ የመጀመሪያው ጥያቄ “ምን ያህል ታመርታለች?” ሳይሆን “ስንት ዓይነት ይዛለች?” መሆን አለበት።

የሳሞአ ትንሣኤም የመጣው ከዚሁ ከዓይነት ብዛት ነው። በዚያው በሳሞአ፣ አላፉዋ በሚገኘው የደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ካምፓስ ተመራማሪዎችና ገበሬዎች አብረው ማዳቀል ጀመሩ። ምቹን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ከፓላው፣ ከማይክሮኔዥያና ከፊሊፒንስ መጡ፤ ኋላም ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የተገኙት ታከሉ። ጎደሬ እምብዛም ስለማያብብ በሆርሞን እንዲያብብ እየተደረገ፣ የአንዱን የአበባ ዱቄት በሌላው ላይ በእጅ እያኖሩ ያዳቅሉታል። ከዚያም በሺህ የሚቆጠሩ ችግኞች በየማሳው እየተፈተኑ ይመረጣሉ። መራጩ ተመራማሪው ብቻ አልነበረም። ገበሬው በራሱ ማሳ ተክሎ፣ ቀቅሎ፣ ከቤተሰቡ ጋር ቀምሶ፣ ይህ ይቅር፣ ይህ ይቀጥል ይል ነበር። በሽታ ቢቋቋምም ሲቀቀል የሚልፈሰፈስ ጎደሬ በሳሞአ ገበታ ላይ ቦታ የለውም። ኤክስፖርቱ እንደገና ቀስ በቀስ እስኪጀምር ብዙ ዓመት ፈጀ፤ ነገር ግን አሁን የሚላከው ከብዙ የተዳቀሉ ዝርያዎች የተገኘ ነው።

እነዚያ ዝርያዎች ከየት ተገኙ? እያንዳንዱ ደሴት ላይ አንዲት እናት፣ አንድ አዛውንት በየጓሮአቸው ያቆዩአቸው ነበሩ። ዛሬ ደግሞ በፊጂ ዋና ከተማ በሱቫ፣ የፓስፊክ አገሮች በጋራ የሚያስተዳድሩት የሰብልና የዛፍ ማዕከል አለ። በ1998 የተቋቋመው ይህ ማዕከል ከ1 ሺህ በላይ የጎደሬ ዓይነቶችን በቲሹ ካልቸር፣ በብልቃጥ ውስጥ ይጠብቃል። ጎደሬ እንደ ጤፍ ወይም እንደ ስንዴ ዘሩ ደርቆ በቀዝቃዛ ክፍል አይቀመጥም። ሕያው ቡቃያው በየጊዜው ወደ አዲስ ብልቃጥ መዛወር፣ ከቫይረስ ነፃ መሆኑ መመርመር፣ ክፍሉ ሙቀቱ ሳይዛባ ሌት ተቀን መብራት ማግኘት አለበት። የሠለጠነ ሰው ደመወዝ አንድ ዓመት ቢቋረጥ በመቶ ዓመታት የተመረጠ ዝርያ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ቤተ ሙከራ ሳሞአ ወይም ቱቫሉ ብቻዋን ልትሸከመው አትችልም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ለአካባቢው አገሮች በጋራ ግን የሚቻል ነው።

አሁን ወደ አህጉራችን ልምጣ። ያው ምች በ2009 ገደማ ናይጄሪያ ደረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ካሜሩንና ጋና ገባ። የምዕራብ አፍሪካ ገበሬ በማሳው ላይ የሳሞአ ገበሬ ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ያየውን አየ። ያን ጊዜ ሊሞከር የሚችል መፍትሔ ከየት መጣ? ከሱቫ። በሳሞአ የተዳቀሉትን ጨምሮ በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎች በብልቃጥ ተልከው በጋናና በናይጄሪያ ማሳዎች ላይ ተሞከሩ። ለጥቂት መቶ ሺህ ደሴተኞች ተብሎ የተሠራ ሥራ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ላላቸው የአፍሪካ አገሮች ደረሰ። የደሴቶችን ግብርና መደገፍ ምጽዋት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ይህን እውነት ይመልከት። እነርሱ ከጠበቁት ዘር የእኛ ዕለት እንጀራ ሊወጣ ይችላል።

ደን ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ሳሞአ ከገበያው ስትወጣ የኒውዚላንድን የጎደሬ ገበያ የወሰደችው ፊጂ ናት፤ በተለይ ታቬኡኒ የተባለችው እሳተ ገሞራ የወለዳት ለም ደሴት። የተተከለው ዝርያ ስሙ ሳይቀር “ታውሳላ ኒ ሳሞአ” ነው፤ እርሱም አንድ ዝርያ። ገበያው ደራ፣ ማሳው ያለ ዕረፍት በጎደሬ ላይ ጎደሬ ተተከለበት፣ መሬቱ ደከመ። ምርቱ ሲያንስ ገበሬው አዲስ አፈር ፍለጋ ወደ ተራራው ደን ወጣ፣ ዛፍ መነጠረ። ዳገቱ ላይ የነበረው ለም አፈር በዝናብ ታጥቦ ወረደ። አንድ ሰብል ለአንድ ገበያ ማምረት በመጨረሻ የሚበላው ደንን ነው። የደን መመንጠርን የሚቃወም ፖስተር በየቢሮው ከመለጠፍ ይልቅ፣ ከታች ያለው ማሳ ለምን እንደደከመ መጠየቅ ይሻላል።

በታቬኡኒ ገበሬዎችና ተመራማሪዎች ጠየቁ። ሙኩና የተባለውን አፈር የሚሸፍን፣ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ለመሬት የሚሰጥ ሐረግ በሁለት የጎደሬ ተከላዎች መካከል መዝራት ጀመሩ። ለወራት ያህል የሸፈነው መሬት አረም አይበዛበትም፣ ሐረጉ ሲታጨድ እንደ ብስባሽ ይሆናል፣ ቀጣዩ ጎደሬ ይጠነክራል። ነገር ግን በእነዚያ ወራት ከማሳው ገቢ የለም። የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ገበሬ መሬቱን ላሳርፍ ቢል በምን ይኖራል? ዘላቂ እርሻ በገበሬው ዕውቀት ማነስ ምክንያት ቀረ ሲባል በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ገበሬው ያውቃል፤ የሚጎድለው መሬቱ የሚያርፍበትን ወቅት የሚሻገርበት አቅም ነው። ለሙኩና ዘር ብቻ ሳይሆን ለእነዚያ ባዶ ወራት የሚከፍል ድጋፍ አፈሩንም ከበላይ ያለውንም ደን ያድናል።

የፋሌአሉፖን ታሪክ ደግሞ ስሙ። ፋሌአሉፖ በሳሞአ የሳቫይ ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ ያለች መንደር ናት። በ1980ዎቹ መጨረሻ መንደሩ አዲስ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ከመንግሥት ታዘዘ፤ ካልሠራ መምህር እንደማይኖረው ተነገረው። ገንዘብ አልነበረም። ያላቸው ሀብት ደናቸው ነበርና ከአንድ የእንጨት ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ። በዚያ ሰሞን የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን ሲያጠና በመንደሩ የነበረው አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፖል ኮክስ ለትምህርት ቤቱ የሚያስፈልገው ገንዘብ እንዲሰበሰብ አደረገ፤ የመንደሩ አለቆችም 30 ሺህ ኤከር፣ ማለትም 12 ሺህ ሄክታር ያህል ደን ለ50 ዓመት እንዳይቆረጥ በ1989 ቃል ገቡ። የመንደሩ አለቃ ፉዮኖ ሴኒዮና ኮክስ በ1997 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ።

ከዚህ ታሪክ የማስቀድመው ሽልማቱን አይደለም። ሰዎቹ ደናቸውን የሸጡት ደን ስለማይወዱ አልነበረም፤ የልጆቻቸው ትምህርት የደኑን ዋጋ ስለጠየቀ ነው። ደኑን ያዳነው ዛፍ ስለመውደድ የተሰጠ ሥልጠና አልነበረም፤ የትምህርት ቤቱ ወጪ ሲሸፈን መጋዙ ቆመ። በየትኛውም ደሴት፣ በእኛም አገር፣ ደን ሲቆረጥ ያየ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው “ይህ ሰው በዚህ እንጨት ምን ሊከፍል ነው?” የሚለውን ነው። መልሱ ክሊኒክ ከሆነ ክሊኒኩን፣ ትምህርት ቤት ከሆነ ትምህርት ቤቱን መሥራት የደን ልማት ሥራ ነው፤ የደን በጀትም እንዲህ ላለው ወጪ መዋል ይገባዋል።

ሌላም ነገር አለ። በሳሞአ ከመሬቱ 80 በመቶ ያህሉ በባህል ሕግ በቤተሰብና በመንደር የሚያዝ ነው፤ በማታይ፣ ማለትም በቤተሰብ አለቆች፣ ይተዳደራል፤ ሕገ መንግሥቱም እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንዳንድ የልማት አማካሪዎች ይህን እንደ እንቅፋት ይቆጥሩታል፤ መሬቱ በባንክ መያዣ ሊሆን አይችልምና። እኔ ግን የፋሌአሉፖ ደን ሊድን የቻለው የጋራ ስለነበር ነው እላለሁ። ቃል የገባ አንድ ባለርስት ሳይሆን ሙሉ መንደር ነው፤ የሚጠብቀውም ሙሉ መንደር ነው። ኦፋና ቫል ደኑን ሲገነጣጥሉትም ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ ጠበቀው፤ ዘር የሚበትኑትና አበባ የሚያዳቅሉት ትልልቆቹ የሌሊት ወፎች የሚመለሱበት ደን ቀረላቸው።

የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ አዲስ አበባ በመሆኑ ይህ ጉዳይ ከእኛ ደጃፍም አይርቅም። ኬፕ ቨርዴ፣ ሳኦቶሜና ፕሪንሲፔ፣ ኮሞሮስ፣ ሲሼልስና ሞሪሺየስ የኅብረቱ አባላት ናቸው። ኮሞሮስን ብቻ እንውሰድ። በወጪ ንግድ የምትታወቀው በሦስት ነገር ነው፦ በቫኒላ፣ በቅርንፉድና ሽቶ በሚሠራበት በይላንግ ይላንግ አበባ። አበባው ዘይቱ እንዲወጣ ለብዙ ሰዓት በእንፋሎት ይነጠራል፤ እንፋሎቱን የሚያፈላው እንጨት ነው። ዳገታማ በሆነችው የአንጁዋን ደሴት ደኑ ለማገዶና ለእርሻ ሲመነጠር ዓመቱን ሙሉ ይፈሱ የነበሩ ብዙ ወንዞች በበጋ የሚደርቁ ሆነዋል። ለሩቅ አገር ሽቶ የሚሆነው ዘይት የገበሬዋን የምንጭ ውኃ ይዞ ይሄዳል። ማገዶ የሚቆጥብ የማንጠሪያ ምድጃ፣ በአበባው ተክል መካከል የሚተከል የማገዶ ዛፍ፣ ከገዢው የሚጠየቅ ፍትሐዊ ዋጋ ያስፈልጋል። ሦስቱም በአንድነት ካልሆኑ አንዱ ብቻውን አይሠራም።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያ የምትሰጠው አላት። የጌዴኦ ሕዝብ በቁልቁለት መሬት ላይ እንሰትን፣ ቡናንና አገር በቀል ዛፎችን አብሮ እያሳደገ በአገሪቱ እጅግ ጥቅጥቅ ብለው ከሰፈሩት ሕዝቦች አንዱን ይመግባል፤ ዩኔስኮም የጌዴኦን መልክዓ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ዳገት፣ ዝናብ፣ ጠባብ መሬት፣ ብዙ ሰው፤ የአንጁዋን ጥያቄም ይኸው ነው። የጌዴኦ ገበሬ ለኮሞሮስ ገበሬ የሚያሳየውን ከሌላ አህጉር የሚመጣ ባለሙያ ሊያሳይ አይችልም። የገበሬ ለገበሬ ጉብኝት ከአንድ ቀን የሆቴል ስብሰባ ብዙም የማይበልጥ ወጪ ነው፤ ጥቅሙ ግን አይወዳደርም።

የምንቀበለውም አለን። በእኛ በደቡቡ አካባቢ ቦሎሶ አንድ የተባለው የተሻሻለ የጎደሬ ዝርያ በምርታማነቱ ተወዳጅ ነው፤ መወደዱም ይገባዋል። የተሻሻለ ዝርያን አልቃወምም፤ ሙያዬ ነው። የሚያሰጋኝ እርሱ ሲገባ ነባሮቹ ከየጓሮው ሲነቀሉ ነው። በቅርብ ባየሁት አንድ ፕሮጀክት ስንት ችግኝ እንደተከፋፈለ በየሩብ ዓመቱ ይቆጠር ነበር፤ በዚያው ቀበሌ ስንት ነባር ዓይነት እንደጠፋ የሚመዘግብ ግን አልነበረም። እንሰታችን በአጠውልግ በሽታ ስንት ዓመት እንደተሠቃየ እናውቃለን፤ ያን በሽታ የሚችሉትን ዓይነቶች ለይተው ያቆዩልን በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሳሞአ በ1993 የከፈለችውን ዋጋ እኛ ለመማር ስንል እንደገና መክፈል የለብንም።

“ለራሳችን ያልሞላን ሕዝቦች ስለ ሩቅ ደሴት ምን አገባን?” የሚል ወገን እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ የዘር ነገር ድንበር የለውም የሚል ነው፤ የምዕራብ አፍሪካው ምች ይህን አሳይቷል። “ደሴቶቹ ምግባቸውን ከዓለም ገበያ ይግዙ፤ በቱሪስት ገንዘብ ይኑሩ” የሚልም አለ። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ አውሮፕላኑ ቆመ፣ የፊጂ ሆቴሎች ተዘጉ፤ ከሥራ የወጣው ሰው ወደ መንደሩ ተመልሶ ጓሮ ቆፈረ፤ መንግሥቱም የአትክልት ዘርና ችግኝ አከፋፈለ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሃሮልድ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ቫኑዋቱን መታ፤ በወረርሽኙ ምክንያት የውጭ ዕርዳታ ሠራተኛ እንደ ልቡ መግባት አልቻለም። ያን ጊዜ የበላው ቦዬና ጎደሬ መሬት ውስጥ የነበረው ሰው ነው።

የገበያው ነገርም እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ሳሞአ በ2007 ከውጭ የሚገባውን ስብ የበዛበት የተርኪ ጭራ ሥጋ ለሕዝቧ ጤና ስትል ከለከለች። በ2012 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ስትሆን እገዳውን እንድታነሳ ተስማማች፤ በ2013 አነሣች። የስኳር በሽታ የተንሰራፋባት አገር ሌላው የማይፈልገውን ርካሽ ሥጋ አልገዛም የማለት መብቷ በንግድ ድርድር ታለፈ። ርካሽ ሥጋና ርካሽ ሩዝ ወደብ ላይ ሲራገፍ በጓሮ ጎደሬ የሚኖረው ገበሬ ይከስራል፤ ልጁም እርሻውን ትቶ ወደ ኦክላንድ ይሄዳል። በአንድ እጅ ለዘላቂ እርሻ ገንዘብ እየሰጡ በሌላ እጅ እርሻውን የሚገድል ንግድ መጫን ድጋፍ አይባልም። ኢትዮጵያም ወደዚሁ ድርጅት ለመግባት ስትደራደር የቆየች አገር ናትና የሳሞአን ልምድ ተደራዳሪዎቻችን ቢያጠኑት ይጠቅመናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው፣ እንደ ሱቫው ያሉ የሰብል ስብስቦች ወጪ በሦስት ዓመት ፕሮጀክት መንጠልጠሉ ይብቃ። ብልቃጥ ውስጥ ያለ ተክል የፕሮጀክት ማብቂያ ቀን አያውቅም። የማይቋረጥ፣ በስምምነት የታሰረ ዓመታዊ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ከከባድ አውሎ ነፋስ በኋላ ሩዝ ለመላክ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ከነፋሱ በፊት ለችግኝ ጣቢያ ቢውል፣ ገበሬው ነፋሱ ባለፈ በማግስቱ የሚተክለው ያገኛል።

ሁለተኛው፣ ደን የሚጠብቅ መንደር የሚከፈለው በቃል ምስጋና አይሁን። የአየር ንብረት ገንዘብ የሚባለው በዋና ከተማ ቢሮዎች ሲዞር ቆይቶ ለመንደር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ማመልከቻው አማካሪ ቀጥሮ በመቶ ገጽ የሚሞላ ከሆነ፣ አንድ መቶ ቤተሰብ ያላት ደሴት መቼም አታገኘውም። ለትናንሽ መንደሮች አጭር ማመልከቻ፣ ፈጣን ውሳኔ፣ ረጅም ዘመን ያለው ውል ይሰጣቸው። ክፍያውም መንደሩ ራሱ በሚመርጠው ነገር፣ በትምህርት ቤት፣ በውኃ ቧንቧ ወይም በጀልባ ሞተር፣ ይሁን።

ሦስተኛው የእኛ ድርሻ ነው። ኢትዮጵያ በ1976 የተመሠረተ የዘረመል ባንክ ያላት፣ በአፍሪካ ቀዳሚ ከሚባሉት የምትመደብ አገር ናት፤ የዓለም አቀፉ የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ስምምነትም አባል ናት። ጎደሬ በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ አለ። ስለዚህ መንገዱ ሕጋዊና ክፍት ነው። ምቹን የሚቋቋሙትን የፓስፊክ ዝርያዎች በጥንቃቄ፣ በኳራንቲን አልፈው፣ በሽታው ማሳችንን ሳያጠፋ አስቀድመን እናምጣና እንሞክር። የእኛን ነባር የጎደሬ ዓይነቶችም ከየጓሮው ሰብስበን፣ ከእነ ስማቸውና ከእነ ጠባቂዎቻቸው መዝግበን፣ ለደሴቶቹም እናካፍል። የአፍሪካ ኅብረት ስለ ግብርና በአዲስ አበባ በሚነጋገርበት ጊዜም የኢትዮጵያ ልዑካን የኮሞሮስንና የኬፕ ቨርዴን ጥያቄ የራሳቸው ጥያቄ አድርገው ያንሱት።

ይህን የምጽፈው ለመንግሥት ኃላፊዎች ብቻ አይደለም። በወረዳ የሚሠራ የልማት ሠራተኛ በሚቀጥለው ጉብኝቱ የምርቱን ኩንታል ብቻ ሳይሆን በጓሮው ያሉትን የጎደሬና የእንሰት ዓይነቶች ስም ከእማወራዋ ጠይቆ መመዝገብ ይችላል። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ደብተርና ጊዜ ይበቃል። የተመዘገበውን ዓይነት ከየሠፈሩ አሰባስቦ በአንድ የገበሬ ማሠልጠኛ ማሳ ላይ መትከል ደግሞ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በዚህ ክረምት ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው። ሳሞአ መድኃኒቷን ያገኘችው ሌሎች ደሴቶች ያልጣሉትን ስለጠበቁላት ነው። እኛም ዛሬ የምንጠብቀው ዝርያ ነገ የማን ረሃብ መልስ እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል፣ አንዱንም የመጣል መብት የለንም።